ስሞል ባች ቦርበን ምንድን ነው?

ባለፈው ገና ሰሞን 70 ዶላር አውጥቼ አንድ ጠርሙስ ቦርበን፣ ማለትም በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ፣ ገዛሁ። ፊቱ ላይ በትልልቁ «ስሞል ባች» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስምና ከመዳብ የተሠራ የአረቄ ማውጫ ሥዕል አለ። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ደቃቋ ጽሑፍ ጉዱን አወጣችው። መጠጡ የወጣው ሌላ ቦታ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ነው። በከተማዋ የተሠራው ሥራ ጠርሙስ መሙላት ብቻ ነበር። መጠጡ ክፉ አልነበረም፤ ያንገበገበኝ ለቃሉ መክፈሌ ነው።

እስቲ ቃሉን እንየው። ስሞል ባች ማለት ከጥቂት በርሜሎች ብቻ ተቀድቶ፣ ተደባልቆ የታሸገ ቦርበን ማለት ነው። ጥቂት ስንት ነው? የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለዚህ መልስ የለውም። አንዱ አምስት በርሜል ደባልቆ ይጽፈዋል፤ ሌላው ከመቶ በላይ ደባልቆ ይጽፈዋል። ሁለቱም ሕግ አልጣሱም። ቃሉ ገበያ ውስጥ ሥር የሰደደው በስመ ጥሩው ውስኪ አውጪ በጂም ቢም የልጅ ልጅ በቡከር ኖ ዘመን ነው። ቡከር እ.ኤ.አ. በ1988 ውሃ ያልገባበት፣ ከበርሜል እንደወጣ የታሸገ ቦርበን በራሱ ስም አወጣ። በ1992 ደግሞ የጂም ቢም ኩባንያ አራት ቦርበኖችን በአንድ ላይ «ስሞል ባች» ብሎ አቀረበ።

«ቦርበን» የሚለው ቃል ግን ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት፤ የግድ በቦርበን የታወቀችው የኬንታኪ ግዛት መሆን የለበትም። ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ነው። ከማውጫው ሲወጣ ከ80 በመቶ አልኮል፣ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሲታሸግ ከ40 በመቶ አያንስም። በርሜሉ አዲስ የኦክ እንጨት ሆኖ ውስጡ በእሳት መክሰል አለበት። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዕቃው ራሱ ቅመም ነው። ቫኒላውም ካራሜሉም ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ከተቃጠለ እንጨት ነው፤ ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው።

ለትናንሾቹ አውጪዎች የመጫወቻው ሜዳ ከበቆሎው የቀረው 49 በመቶ እህል ነው። አብዛኛው ሰው ራይ የሚባለውን እህል ወይም ስንዴ፣ ከዚያ የገብስ ብቅል ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ኮቫል ግን 49 በመቶውን ሚሌት አደረገው። ሚሌት የኛ ዳጉሳ የሚመደብበት የእህል ወገን ነው። በዳጉሳና በጌሾ አረቄ ሲጠነሰስ እያየ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም። እዚያ ላይ ኮቫል የሚያሽገው ከአንድ በርሜል ነው፤ ማለትም ከስሞል ባችም አልፎ ነጠላ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጠርሙስ እጃችሁ ሲገባ እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውሰዱ። ትንሽ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ስታሸቱ አፍንጫችሁን ከብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፤ የኮቫሉ ለምሳሌ 47 በመቶ አልኮል ነው፣ ያቃጥላችኋል። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከጠርዙ ላይ ሳቡት። እኔ ከኮቫል መጀመሪያ ያገኘሁት ቫኒላ ነው። ቀጥሎ የበሰለ ኮክ መጣ። ከሁሉም ኋላ፣ በደንብ ካልጠበቁት የሚያመልጥ፣ የእህል ሽታ አለ።

የመጀመሪያዋን ጉንጭ አትፍረዱባት። ምላስ አልኮሉን እስኪለምድ ድረስ የምትናገረው ነገር የለም። ሁለተኛዋን አፋችሁ ውስጥ አንከባልሏት፤ እንደምታኝኳት አድርጓት። ኬንታኪዎች «ኬንታኪ ቹ» (የኬንታኪ ማኘክ) ይሉታል፣ ቡከር ኖም የሚታወቅበት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ። ውሃ ነውር አይደለም። ጥሩ መጠጥ ውሃ ሲነካው ይከፈታል፤ ደካማው ይበተናል።

ከትናንሽ አውጪዎች መጠጥ ላይ አጥብቄ የምፈልገው እንከን አንድ ነው። የተለመደው በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ቶሎ መሸጥ የሚፈልግ አዲስ አውጪ ግን ሃያ፣ አርባ ሊትር በሚይዝ በርሜል ይሞላዋል። በትንሽ በርሜል እያንዳንዱ ሊትር ብዙ እንጨት ያገኛል፤ ቀለሙ በጥቂት ወራት ይጠቁራል። ዕድሜ ግን በእንጨት ብዛት አይገዛም። የጥሬ ሊጥ ጣዕምና ከኋላ የሚመጣ፣ እንደ መጋዝ ብናኝ የሚያደርቅ ምሬት አብረው ካገኛችሁ፣ ተቸኩሎ የወጣ፣ ዕድሜው ያልደረሰ መጠጥ ነው። ለእኔ ይሄ ከዋጋ ውድነት ይብሳል፤ ጥሩ እህል ያለጊዜው ባከነ ማለት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ያወጣው ራሱ ከሆነ በኩራት ይጽፈዋል። «የታሸገው በ» ብቻ ካለ ጠርጥሩ፤ መጠጡ በሌላ ግዛት ከወጣ የዚያን ግዛት ስም መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። «ስትሬት» ካለ ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፤ አራት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ዕድሜውን መናገር አለበት። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ካለ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ያለ ሕግ ይጠብቃችኋል፤ አንድ አውጪ በአንድ ወቅት ያወጣው፣ ቢያንስ አራት ዓመት የቆየ፣ ልክ 50 በመቶ አልኮል። እነዚህ ቃላት ትርጉም አላቸው።

ከሁሉም የምወደው ፈተና የሚደረገው በነጋታው ነው። ማታ የጠጣችሁበትን ብርጭቆ ሳታጥቡ አሳድሩትና ጠዋት አሽቱት። አልኮሉ በኖ ሄዷል፤ የቀረው እንጨቱና እህሉ ነው። የዚያ የ70 ዶላሩ ጠርሙስ ብርጭቆ ጠዋት ቫኒላ ብቻ ነበር። የኮቫሉ ግን ከምጣድ የወረደ የዳጉሳ ቂጣ ሸተተኝ።