ከኩኩሉ እስከ ዱካ፦ የስካውት የሜዳ ጨዋታዎች በጣና ዳር

ስካውት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሰልፍ፣ ፊሽካና አጭር ሱሪ ነው። ነገሩ ግን ለኩኩሉ ይቀርባል። «ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» እያለ ከቁጥቋጦ ኋላ የተለጠፈ ልጅ፣ ትንፋሹን መቆጣጠርና ጥላውን መደበቅ እየተማረ ነው። የስካውት ጨዋታዎች ይህንኑ ወስደው ትንሽ ሕግ ይጨምሩበታል። ማስተዋልን፣ አቅጣጫ ማወቅን፣ ዱካ መከተልን፣ ገመድ ማሰርን በጨዋታ ያስለምዳሉ።

መንገዱን የጀመረው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ባደን ፓወል ነው። በ1899 ዓ.ም. ክረምት (በፈረንጆቹ 1907) 20 ያህል ልጆች ይዞ ብራውንሲ የምትባል ደሴት ላይ ሰፈረ። የሀብታምም የድሃም ልጆች ነበሩበት። በትንንሽ ቡድን ከፈላቸውና ከራሳቸው መሃል አለቃ አደረገላቸው። በእኛም አገር በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስካውት ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ከሰመ። ጨዋታዎቹን ለመጫወት ግን ማኅበርም የደንብ ልብስም የግድ አይደለም። ስድስት ሰባት ልጅና ሜዳ ይበቃል።

ሜዳ ደግሞ ባሕር ዳር አይቸግራትም። ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐይቁ በሰሜን ተዘርግቷል፤ ዓባይ ከዚያው ይወጣል። ቤዛዊት ኮረብታ ከተማውንም ወንዙንም ያሳያል።

እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው ጨዋታ ጣና ላይ ሲመጣ የሚደናቀፈው አቅጣጫ ላይ ነው። የታወቀችው የእጅ ሰዓት ዘዴ ይህች ናት፦ የሰዓት ቆጣሪዋን ወደ ፀሐይ አዙር፤ በእሷና በ12 ቁጥር መካከል ያለው ደቡብ ነው። የእኛ ሰዓት ግን እኩለ ቀን ላይ የሚያሳየው 6 ነው። ሳያስቡ የሞከሯት ልጆች ምሥራቁን ወይም ምዕራቡን ደቡብ ብለው ቁጭ ይላሉ። በፈረንጅ ሰዓት ቢሞከርም ብዙ አያዋጣም፤ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚህ ወራት የቀትር ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ሚያዝያ 12 ገደማ፣ 6፡30 አካባቢ ሜዳ ላይ አንድ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ዱላው ጥላውን ውጦ ይቆማል። ልጆች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ጥያቄው አያልቅም።

ለባሕር ዳር የሚሠራው የሁለት ድንጋይ ጨዋታ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን እንጨት ይተከላል፤ የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥላው ሸሽቶ ይገኛል፤ አዲሱ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ድንጋይ። የመጀመሪያው ድንጋይ ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። እየጠበቁ ያሉ ልጆች ጥላው ሲሄድ በዓይናቸው ለመያዝ ይሞክራሉ። አይያዝም። ሐምሌ ላይ ይህን ጨዋታ ማሰብ ራሱ ድፍረት ነው፤ ደመናው መች ይገልጣል?

ዱካ መከተል ሌላው ነው። አንድ ቡድን ቀድሞ ይሄድና ምልክት ይጥላል፦ በድንጋይ የተሠራ ቀስት፣ የተቋጠረ ሣር፣ «በዚህ አትሂድ» የሚል የተጣመረ እንጨት። መሃሉ ነጥብ ያለበት ክብ «ወደ ቤት ሄጃለሁ» ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ያረፈው ባደን ፓወል መቃብሩ ላይ ያለው ምልክትም ይኸው ነው። ከጣና ዳር ገጠር የመጣ ልጅ ግን በዚህ ጨዋታ የከተማውን ልጅ ያስከነዳዋል። የጠፋች ላም ኮቴ ለይቶ፣ ጭቃው ዛሬ ይሁን ትናንት የተረገጠ በዳርቻው መድረቅ አውቆ ያደገ ነው። እሱን አለቃ አድርጎ ዝም ማለት ነው የሚሻለው።

የማስታወስ ጨዋታው ሜዳም አይፈልግም። ነጠላ ሥር 24 ዕቃ ይደረጋል፦ ቁልፍ፣ ሲኒ፣ ብይ፣ የደንገል ቁራጭ፣ የዓሣ አጥንት... ነጠላው ለአንድ ደቂቃ ይገለጥና ይሸፈናል። ያዩትን መጻፍ ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ የሚሸመድድ ልጅ አሥር ላይ ይቆማል። «ይህ የቡና፣ ይህ የሐይቅ» እያለ የመደበ ግን ይርቃል። በሚቀጥለው ዙር አንድ ዕቃ በድብቅ አንሱና ምን እንደጎደለ ጠይቁ፤ እሱ የባሰ ነው።

የወንዝ ስፋት ሳይሻገሩ መለካት ለትልልቆቹ ይሆናል። ዓባይ ዳር ሜዳማ ቦታ ላይ ቆሞ ማዶ ያለ አንድ ዛፍ ይመረጣል። ከዛፉ ትይዩ ተነስቶ በዳርቻው 20 እርምጃ፣ እዚያ ዱላ መትከል፣ ደግሞ 20 እርምጃ። ከዚያ ለወንዙ ጀርባ ሰጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ መሄድ። ዞር ዞር እያሉ ሲያዩ ዱላውና ዛፉ አንድ መስመር ላይ የገጠሙ ጊዜ ይቆማል። ከወንዙ ዳር እስከዚያ የተራመዱት የወንዙ ስፋት ነው። ሁለት ቡድን ለይቶ ማወዳደር ነው፤ ጠቡ ሁልጊዜ የማን እርምጃ ይረዝማል የሚለው ላይ ነው።

ቋጠሮ በቅብብሎሽ ይለመዳል። ግራ በቀኝ፣ ቀጥሎ ቀኝ በግራ የታሰረ ገመድ ይይዛል፤ ሁለቴ በአንድ በኩል የታሰረው ይንሸራተታል። ታንኳ ሠሪዎች ደንገሉን ሲያስሩ ቆሞ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ውኃውን በተመለከተ ቀልድ የለም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ መንቦጫረቅ የጨዋታው አካል አይደለም። ጉማሬም ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ስለዚህ የዳርቻው ጨዋታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል።

ከመሸ የሚቀረው ከውኃው ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ የሚታይበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚደረገው የኮከብ ፍለጋ ነው። ክንድ ይዘረጋል፤ ጡጫ በሐይቁ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የሰሜን ኮከብ ከጡጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው ያለው። እንግሊዝ አገር ቢሆን አምስት ጡጫ መደራረብ ነበረበት። ኮከቡ ደካማ ነው፤ ጭጋግ ካለ አይታይም። ቀድሞ ያገኘው ቡድን ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ሲፈልጉ ያያል።