ጄይ ምንድን ነው? ሰማያዊ ወፍ ሁሉ ጄይ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ፎቶ ደረሰኝ። ሱሉልታ፣ አጥር ላይ ያረፈ ወፍ፣ ከሥሩ «ብሉ ጄይ በጓሯችን» ይላል። ጄይ ከቁራ ወገን የሆነ ወፍ ነው፤ ብሉ ጄይ ደግሞ ሰማያዊው ዓይነት ነው። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ወፉ ግን ስታርሊንግ የሚባል ሌላ ወፍ ነው፤ ቢጫ ዓይኑ ያስታውቃል። ይህን ብጽፍ አንዱ «ሰማያዊ ነው፣ ይጮሃል፣ ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ ነገር በቀለም አትፍረዱ። የወፍ ላባ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ላባው ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው ሰማያዊ የሚመስለን። የብሉ ጄይን ላባ ብርሃኑ ከጀርባው እንዲመጣ አድርጋችሁ ብትይዙት ቡናማ ይሆናል። የኛ ስታርሊንግም ጥላ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ነው።

እስቲ በታክሲ እንየው። ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ ስላያችሁ ብቻ ዘላችሁ አትገቡም፣ ታፔላውን ታያላችሁ። የጄይ ታፔላ መኖሪያው ነው። ብሉ ጄይ የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው፣ ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ እየቀበረ ያስቀምጣል። የሳይቤሪያው ጄይ ቀዝቃዛውን የሰሜን ጫካ አይለቅም። የፍሎሪዳው ጄይ ደግሞ ከፍሎሪዳ ውጭ የለም፤ አሸዋማ መሬት ላይ የበቀለ አጭር የኦክ ቁጥቋጦ ይፈልጋል፣ ቁጥቋጦውን በየጊዜው እሳት ካልነካውና ካደገ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ «እንጦጦ ላይ ባህር ዛፍ ሞልቷል፣ ጄይ ቢኖር ምን ይገርማል?» ማለት የፒያሳ ታክሲ ጎማ ስላለው ሞያሌ ይደርሳል እንደ ማለት ነው።

ከሰሃራ በስተደቡብ እውነተኛ ጄይ የለም። ሞሮኮና አልጄሪያ ላይ አለ። (ደግሞ ጄይ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም፤ የአሜሪካዎቹና የአውሮፓው ዝምድናቸው ራቅ ይላል። ሁሉም ግን ከቁራ ወገን ናቸው።)

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለመካከለኛው እስያ የመሬት ጄዮች በዝምድና የምትቀርብ ወፍ እዚሁ አገራችን አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የትም አትገኝም። ቡሽ ክሮው ይሏታል። ግራጫ ናት፣ ክንፏና ጭራዋ ጥቁር፤ ሰማያዊ የሚታይባት በዓይኗ ዙሪያ ባለው ባዶ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ፎቶዋን ማን ለጠፈ? የምትኖረው ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ነው። ከዚያ አልፎም ያው ዓይነት ቁጥቋጦ አለ፣ ግን ይሞቃል። እሷም አትሻገርም።