ማትሱሞቶ ያማጋ፦ ታሪክ የለውም የምትሉት ክለብ

«ሦስተኛ ሊግ ያለ ክለብ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ይህቺን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። የእስያ ኳስ የምንከታተል ሰዎች ዕጣችን ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ክለቡን የሚያውቀው ከቤቲንግ ትኬት ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሌላ ጨዋታ ሲያጣ የጃፓኑን ሦስተኛ ሊግ ጄ3ን ይመታል፣ ትኬቱ ሲቃጠልበት ደግሞ «ስም የሌለው ቡድን» ብሎ ይሳደባል። ስም አለው። ማትሱሞቶ ያማጋ ይባላል። የሚወሩበትን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው፣ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

«የፋብሪካ ቡድን ነው።»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያበሽቀኝ። አንድ ሰው የጃፓን ክለቦች ከካምፓኒ እንደተወለዱ ያነብና ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ዩራዋ ከሚትሱቢሺ፣ ዮኮሃማ ማሪኖስ ከኒሳን፣ ናጎያ ከቶዮታ መጥተዋል፣ እውነት ነው። ያማጋ ግን ከካፌ ነው የመጣው። ናጋኖ ግዛት ውስጥ፣ በተራሮች መሀል ያለችው የማትሱሞቶ ከተማ ባቡር ጣቢያዋ ፊት ለፊት ያማጋ የሚባል ቡና ቤት ነበራት። እዚያ የሚያዘወትሩ የአካባቢው ኳስ ተጫዋቾች በ1965 ቡድን አቋቋሙና የካፌውን ስም ሰጡት። በቃ። ደሞዝ ከፋይ የለ፣ ዳይሬክተር የለ። («እንደ እኛ ቡና ነዋ!» ያለኝ ሰው አለ። አይደለም ወዳጄ፣ የእኛው ቡና ከቡና ንግድ ሠራተኞች ነው የተነሳው።) የጣቢያው አካባቢ እንደ አዲስ ሲሠራ ካፌው ጠፋ፣ ቡድኑ ግን ቀረ። በ2017 ክለቡ ራሱ በዚያው ስም ካፌ ከፈተ።

ታዲያ ለአሥርተ ዓመታት በክልል ሊግ ሲጫወት የኖረ ቡድን ምን ነክቶት ወደ ላይ ተነሳ? ስታዲየም። በ2001 ወደ 20,000 ሰው የሚይዘው አልዊን ተሠራ፣ ለ2002 የዓለም ዋንጫ ፓራጓይ ተለማመደችበት፣ ከዚያ እንግዶቹ ሲሄዱ የሚሞላው ቡድን ጠፋ። የከተማው ሰዎች ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሥርተው ያማጋን ወደ ጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ወደ ጄ ሊግ፣ ለማድረስ ተነሱ።

«ከ2012 በፊት አልነበረም።» 2012 ሁለተኛው ሊግ የገባበት ዓመት ነው። ያኔ 47 ዓመቱ ነበር።

«ትልቅ ቡድን አሸንፎ አያውቅም።» ጥቅምት 2009፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ፣ ያማጋ 2፣ ዩራዋ 0። ዩራዋ ከሁለት ዓመት በፊት የእስያ ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ነው፣ ያማጋ ደግሞ ያኔ አራተኛ እርከን ላይ ነበር። ውጤቱን ያሳየሁት አንድ ጓደኛዬ «ተገልብጦ ተጽፎ ነው» ብሎ ተከራክሮኛል።

«ማትሱዳ የሞተው ማሪኖስ እያለ፣ ጨዋታ ላይ ነው።»

ሁለቱም ስህተት። ናኦኪ ማትሱዳ ለጃፓን በ2002 ዓለም ዋንጫ የተሰለፈ ተከላካይ ነው። ማሪኖስ ከ16 ዓመት በኋላ ሲያሰናብተው ያኔ ሦስተኛ እርከን ወደነበረው ያማጋ መጣ። ነሐሴ 2 ቀን 2011 ልምምድ ላይ ወደቀ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ገና 34 ዓመቱ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ሜዳው ላይ ኤኢዲ፣ ማለትም የቆመን ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስነሳው መሣሪያ፣ አልነበረም። በዚያው ዓመት ቡድኑ ወደ ሁለተኛው ሊግ አደገ።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ልውጣ፣ ምክንያቱም ቅዳሜና እሁድ የሚጫወት ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሳይነካ የወደቀ ተጫዋች ላይ ውኃ አታፍስሱ። ክብሪት አታሽትቱት። ጭንቅላቱን ደግፋችሁ «እስኪ ይረፍ» አትበሉ። ሠፈራችን ሜዳ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አሥር ሰው ከቦ አየር ይከለክለዋል፣ አንዱ ጫማውን ይፈታል፣ ደረቱን የሚነካ የለም። ካልነቃና በትክክል ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ሁለት እጁን ደርቦ ደረቱ መሀል ላይ በኃይል ይጫን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጥ። ሲደክመው ሌላ ይተካው። ሜዳ የምትከራዩ ደግሞ ከመብራቱና ከሻወሩ በፊት ኤኢዲ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ቢስቅባችሁም ጠይቁ።

ወደ ክለቡ እንመለስ።

«ሁሌም ታች ነበር።» በ2015 እና በ2019 አንደኛ ሊግ ተጫውቷል። ሁለቴም በዓመቱ ወረደ፣ እሱን አልክድም። ግን በ2015 ወደ 240,000 ሕዝብ ባላት ከተማ በአማካይ ከ16,000 በላይ ተመልካች ነበረው። በ2021 ከሁለተኛው ሊግ መጨረሻ ወጥቶ ወደ ሦስተኛው ወረደ።

«ማኤዳ የማሪኖስ ልጅ ነው።» ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2016 ያማጋ ነው። በኳታሩ ዓለም ዋንጫ ክሮኤሺያን ያገባባት ዳይዘን ማኤዳ፣ አዎ እሱ።

«በ2024 ወደ ሁለተኛው ሊግ የማደጊያውን ፍጻሜ ተሸነፈ።» አልተሸነፈም። ከካታሌ ቶያማ ጋር 2 ለ 2 ወጣ። 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ከ90 ደቂቃው በኋላ በተጨመሩት ደቂቃዎች አቻ ሆነበት፣ ደንቡ ደግሞ አቻ ከሆኑ በሊጉ በላይ የጨረሰው ያልፋል ይላል። ቶያማ 3ኛ፣ ያማጋ 4ኛ ነበሩ። ያማጋ ያሸንፋል ብሎ የመታ ሰው ትኬቱ የተቃጠለው በዚህ ነው፣ ክለቡን አትሳደቡ።