የአቴና ገልና የ403ቱ ምሕረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፖለቲካ ጠብን ስለማብረድ ሲወራ የጥንቷ አቴና ሁለት ሥርዓቶች ደጋግመው ይነሳሉ። አንዱ ፖለቲከኛን በድምፅ ከአገር ማስወጣት፣ ማለትም ኦስትራሲዝም ነው። ሌላው ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የታወጀው ምሕረት ነው። ስለ ሁለቱም ከሚነገረው ብዙው የተዛባ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

«ኦስትራሲዝም ጥፋተኛ መቅጫ ነበር»

ክስም፣ ክርክርም፣ ፍርድም አልነበረበትም። በዓመት አንዴ ጉባኤው «ዘንድሮ ይደረግ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከተስማማ ከሳምንታት በኋላ የገበያው አደባባይ ይታጠርና ለአሥሩ ነገዶች አሥር መግቢያ ይተውለታል። ድምፅ ሰጪው እንዲወጣ የሚፈልገውን ሰው ስም በገል ላይ ጭሮ ያስገባል። ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት የገሉ ጠቅላላ ብዛት 6,000 ካልሞላ ነገሩ ይቀራል። ከሞላ ብዙ ገል የወጣበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለቆ 10 ዓመት ውጭ ይቆያል። ርስቱ አይወረስም፤ ገቢውም ይደርሰዋል። ሲመለስ መብቱ አልጎደለም።

ጥቅሙ በ480 ታየ። የፋርሱ ዜርክሲስ ሲዘምት አቴና ያስወጣቻቸውን መልሳ ጠራች። በዓመቱ ከተመለሱት መካከል አርስቲዲስ በፕላቴያ ጦርነት የአቴናን እግረኛ፣ ዛንቲጶስ በሚካሌ ጦርነት መርከቦቿን አዘዙ። ሀብቱ ተወርሶ፣ ስሙ ጠፍቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ጦር ሊመራ ቀርቶ ከጠላት ጋር ባይሰለፍ ትልቅ ነገር ነው።

«በየዓመቱ ሰው ይባረር ነበር»

ከ487 ጀምሮ ባሉት ሰባ ያህል ዓመታት መውጣታቸው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አሥር ያህል ናቸው።

«ገሉ የሕዝቡ የልብ ድምፅ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በአክሮፖሊስ፣ በአቴና ምሽግ ኮረብታ፣ ሰሜናዊ ቁልቁለት ከአንድ ጉድጓድ የፖለቲከኛው የቴሚስቶክሊስ ስም ያለባቸው 190 ያህል ገሎች ወጥተዋል። ጽሕፈቱ ግን የ14 ሰዎች ብቻ ነው። አንድ ቡድን ጽፎ ሊያድል ያዘጋጃቸው መሆናቸው ግልጽ ነው። ሥርዓቱን የገደለውም ቅንጅት ነው። በ417 እና በ415 መካከል ተፎካካሪዎቹ መሪዎች ኒቅያስና አልቅብያዴስ ከሁለት አንዳቸው እንደሚወጡ ሲጠበቅ፣ ተከታዮቻቸው ተስማምተው ሃይፐርቦሎስ የሚባለውን ሦስተኛ ሰው አስወጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም በገል አልወጣም። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ጉባኤው ጥያቄውን በየዓመቱ ይሰማ ነበር።

«ባላንጣ ካልጠፋ ሰላም የለም»

በ404 ስፓርታ አቴናን ስታሸንፍ፣ የስፓርታ አጋሮች የነበሩት ቆሮንቶስና ቴብስ አቴና ትደምሰስ አሉ። ስፓርታ እምቢ አለች። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ395፣ ቆሮንቶስና ቴብስ ከዚያችው አቴና ጋር ሆነው ስፓርታን ወጉ። የዛሬን አሰላለፍ ዘላለማዊ አድርጎ የሚያቅድ ይህን ያስብ።

«የ403ቱ ምሕረት ሁሉንም ይቅር አለ»

እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚሳሳቱት። ስፓርታ የሾመቻቸው ሠላሳ ገዢዎች በጥቂት ወራት 1,500 ያህል ሰው ገድለዋል። በትራሲቡሎስ የሚመሩት የአቴና ስደተኞች የከተማዋን ወደብ ፒሬዎስን ያዙ። የስፓርታው ንጉሥ ጳውሳኒያስም አስታረቀ። መሐላው «ያለፈውን በደል አላነሳም» ይላል፤ ነገር ግን ከምሕረቱ ውጭ የሆኑት በሹመታቸው ተዘርዝረዋል፦ ሠላሳዎቹ፣ በእነሱ ቦታ የተተኩት አሥሩ፣ ወኅኒውን ያዘዙት አሥራ አንዱና ፒሬዎስን የገዙት አሥሩ። እነዚህም ቢሆኑ ስለ ሥራቸው ቀርበው መልስ ከሰጡ አቴና ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በገዛ እጁ የገደለ ይከሰሳል።

አቴና አልኖርም ያለ በአቅራቢያዋ ወዳለችው ከተማ ኤሌውሲስ ይሄዳል፤ ከመሐላው በ10 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ በ20 ቀን ይወጣል። ለጦርነቱ የተበደሩትን ገንዘብ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ እንዲከፍሉ ተስማሙ። አቴናውያን ግን የሠላሳዎቹንም ዕዳ ለስፓርታ በጋራ ከፈሉ። ከመሐላው ይልቅ ይህ ክፍያ ብዙ ያሳመነ ይመስለናል።

«መሐላው ብቻ በቃ»

አልበቃም፤ አርኪኖስ የተባለ ፖለቲከኛ ጥርስ አበጀለት። ያለፈውን ማንሳት የጀመረ አንድ ሰው በምክር ቤቱ ያለ ፍርድ እንዲገደል አደረገ፤ ይህ ዛሬ የሚቀዳ አይደለም። የተሻለው ሥራው ሕጉ ነው። ምሕረቱን በሚጥስ ክስ የተከሰሰ ሰው፣ ክሱ ከመሰማቱ በፊት «ይህ ሊታይ አይገባም» የሚል መቃወሚያ ያቀርባል፤ ቀድሞ የሚናገረውም እሱ ነው። የተሸነፈው ወገን የተጠየቀውን ገንዘብ ስድስተኛ ይከፍላል። በምሕረት አዋጅ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው፦ ክሱ በየትኛው ደረጃ፣ በማን ኪሳራ እንደሚቆም።

«ቂሙ በዚያው ጠፋ»

አልጠፋም። ለሹመት የሚቀርብ ሰው ሲመረመር በሠላሳዎቹ ዘመን የት እንደነበረ ይጠየቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኤሌውሲስ አዛዦች ለንግግር ተጠርተው ተገደሉ፤ የቀሩት ግን በመሐላ ተመለሱ። ትራሲቡሎስ በፒሬዎስ አብረውት ለተዋጉት ሁሉ፣ ባሪያዎችም ሳይቀሩ፣ ዜግነት እንዲሰጥ ሲያስወስን ደግሞ ውሳኔውን ከስሶ ያሰረዘው ያው አርኪኖስ ነው። ዕርቁ የዜጎች ዕርቅ ነበር፤ ከዜጎቹ ጎን የደማው አብዛኛው ሰው ከውጭ ቀረ።