«የቀንድ አውጣ ወረራ» ምንድን ነው?

አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ያለው ሰው መስታወቱ ላይ ቀንድ አውጣ በዝቶ ባየ ቁጥር «ወረራ ገባብኝ» ይላል፤ መካሪው ደግሞ ወዲያው መድኃኒት ያዝዛል። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ምክር «ኮፐር ሰልፌት ጠብ አድርግበት፣ ባንድ ሌሊት ድምጥማጣቸው ይጠፋል» የሚለው ነው። ባንድ ሌሊት መሞታቸው እውነት ነው። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ማግስቱን ግን መካሪው አያነሳውም።

ወረራ የሚባለው ነገር ይህ ነው፦ ገንዳው ውስጥ ዓሣዎቹ ከሚበሉት በላይ ምግብ ይገባል፣ ትርፉ ወደ ቀንድ አውጣ ይለወጣል። የእያንዳንዱ ቀንድ አውጣ ሥጋ የተሠራው ጠጠር ውስጥ ከገባ የምግብ ፍርፋሪ፣ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከአልጌ ወይም ሳይታይ ከሞተ ዓሣ ነው። ምግብ ከሌለ እንቁላል ቢጣልም የሚፈለፈለው አያድግም።

ስለዚህ ቁጥራቸውን እንደ መብራት ቆጣሪ ማየት ይሻላል። ቆጣሪው ብዙ ከቆጠረ ቤት ውስጥ አንድ የሚፈጅ ነገር አለ። ቆጣሪውን በመዶሻ ቢሰብሩት ምጣዱ መፍጀቱን አይተውም፤ ፍጆታውን የሚያሳይ ነገር ግን ይጠፋል። ምጣዱን ካጠፉት ደግሞ ቆጣሪውን መንካት አያስፈልግም። ይህኛው ቆጣሪ የዘገየ ነው፤ ዛሬ የተቀነሰ ምግብ በቁጥሩ ላይ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው በ10ኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ወደ መድኃኒት የሚሮጠውም ለዚህ ነው። የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። ውሃው አሲዳማና ካልሲየም ያነሰው ከሆነ ዛጎላቸው ነጥቶ ይቦረቦራል፣ ምግብ እየተረፈም ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ቀንድ አውጣ የለኝም፣ ገንዳዬ ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም፤ ናይትሬቱን (ትርፉ ሲበሰብስ በመጨረሻ ውሃው ውስጥ የሚከማቸውን ነገር) መለካት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኮፐር ሰልፌቱ፣ ማለትም ወደ መዳቡ። መዳብ ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ሽሪምፕንም አብሮ ይገድላል፣ ለስላሳ (ማዕድን ያነሰው) ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣውንም ይጎዳል። ከዚህ የሚብሰው ሬሳው ነው። ሜላኖይደስ የሚባለው ሾጣጣ ዛጎል ያለው ቀንድ አውጣ ቀኑን ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚውል ከላይ 20 የሚታይበት ገንዳ ከታች በመቶዎች ሊኖሩት ይችላል። እነዚህ ባንድ ጊዜ ሲሞቱ እዚያው ይበሰብሳሉ፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ መርዝ እሱን ከሚያስወግዱት የፊልተሩ ባክቴሪያዎች አቅም በላይ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች (የውሃ አሲዳማነትና አልካላይንነት መለኪያ) 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ላይ ግን 5 በመቶ ያህል ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አልካላይን (ፒኤቹ ከ7 በላይ የሆነ) የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ይህን ልብ ይበል። ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲተነፍሱ ሰውየው «መድኃኒቱ በዛበት» ይላል። ብዙ ጊዜ የጎዳቸው ግን ብስባሹ ነው።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ተጨምሮ ከሆነ፦ ምግብ ማቆም፣ የአየር ፓምፕ መክፈት፣ የውሃውን ግማሽ መለወጥ (ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ቆይቶ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ተመሳስሎ)፣ ፊልተሩ ውስጥ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን (መድኃኒቱን የሚመጥ ከሰል) ማስገባት፣ ጠጠሩን በጎማ እየሳቡ ሬሳውን ማውጣት። አሞኒያና ናይትራይት (አሞኒያው ሲለወጥ የሚፈጠረው ሌላ መርዝ) ዜሮ እስኪሆኑ በየቀኑ መለካት። መዳብ በከፊል ጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር እዚያ ገንዳ ውስጥ ሽሪምፕ ለመጨመር አይቸኮልም።

ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ አይሰጥም፣ ጤናማ ትልቅ ዓሣ አንድ ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ጠጠሩ በየሳምንቱ በጎማ ይሳባል፣ በተለይ ምግብ የሚወድቅበት ጥግና ከፊልተሩ ጀርባ ያለው ቦታ። ቢጫ የሆነ ቅጠል ሳይበሰብስ ይቆረጣል። ከዚህ ጋር ወጥመድ ይጨመራል፤ አንድ ቁራጭ ኪያር ለ1 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ እንዲሰምጥ ሹካ ተሰክቶበት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ይቀመጣል። ጠዋት የገንዳው መብራት ሳይበራ ከነተሸከማቸው ቀንድ አውጣዎች ይወጣል። ቀን እስኪሞቅ ከዘገዩ ሜላኖይደሶቹ ተመልሰው ይቀበራሉ፣ ኪያሩም ራሱ ትርፍ ምግብ ይሆናል።

እንቁላሉን መለየት ያስፈልጋል። ፊሴላ የሚባለው ትንሽ የገንዳ ቀንድ አውጣ እንቁላል ጥርት ያለ ረዘም ያለ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ቅጠል ሥር ወይም ፊልተር ላይ ይለጠፋል፤ በአሮጌ የስልክ ካርድ ይፋቃል። ፊሴላ ለብቻው ቢቀርም ራሱን አዳቅሎ ይወልዳል፤ «አንድ ብቻ ነው፣ ምን ያደርጋል» አይባልም። ሜላኖይደስ እንቁላል አይጥልም፤ ዛጎላቸው የተሟላ ጥቃቅን ልጆች ይወልዳል። ሜላኖይደስ እንደ ዓሣ በስንጥብ ስለሚተነፍስ በጠራራ ቀን በብዛት ወደ ውሃው አናት ከወጣ ኦክስጅን አንሷል ወይም ውሃው ተበላሽቷል ማለት ነው። ፊሴላ ግን አየር የሚተነፍስ ስለሆነ መውጣት መውረዱ የዘወትር ሥራው ነው።

የሚበላቸውን ዓሣ ግዙ የሚለውም ምክር ጥንቃቄ ይሻል። ክላውን ሎች ቀንድ አውጣ ይበላል፤ ነገር ግን እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚያድግና በቡድን የሚኖር ዓሣ ነው፣ ለ60 ሊትር ገንዳ አይሆንም። ምግቡ ሳይቀነስ ዓሣ መጨመር ደግሞ ፍጆታው ላይ ፍጆታ መጨመር ነው።

ሁለተኛው የሚያናድድ ምክር እንዶድ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ የራሳችን ግኝት ነው» ይባላል። ግኝቱ እውነትና የሚያኮራ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ምርምሩን የጀመሩት። ዓላማው ግን ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ማጥፋት ነበር። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። አኳሪየም ውስጥ እንዶድ መጨመር ማለት ዓሣውንና ቀንድ አውጣውን አብሮ መግደል ነው።

ቢልሃርዚያ ከተነሳ አይቀር፣ በሚፈሩትም በማይፈሩትም በኩል ስህተት አለ። ገንዳ ውስጥ ተፈልፍሎ ያደገ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ አይሰጥም፤ ጥገኛው ከእናቱ በእንቁላል አይተላለፍም፣ ቀንድ አውጣው የሚያዘው የበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት በደረሰበት ውሃ ነው። ከሐዋሳ፣ ከዝዋይ ወይም ከጣና ዳርቻ በእጅ የተነቀለ ተክል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያን በዋናነት የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የተባለው ቀንድ አውጣ ዛጎሉ ጠፍጣፋ ጥቅልል ሲሆን ከአኳሪየሙ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ በዓይን መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው። የተያዘው ለወራት ጥገኛውን ወደ ውሃ ሊለቅ ይችላል፤ ጥገኛውም በባዶ ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ቀንድ አውጣ አይወሰድም፣ ተክሉም በጓንት ይያዛል።

አዲስ ተክል ከየትም ይምጣ፣ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ይታጠባል፦ 5 በመቶ ገደማ የሆነ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 50 ሚሊ ሊትር ከ950 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጠንካራ ቅጠል ላለው 2 ደቂቃ፣ ለስስ ቅጠል 1 ደቂቃ። ሞስ የሚባለው ስስ የውሃ ተክል በረኪናውን አይችልም። ከዚያ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ባልዲ ውስጥም ይነከራል። በረኪና ሁሉንም እንቁላል ላይገድል ስለሚችል ተክሉ ለብቻው ባልዲ ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ 3 ሳምንት ይቆያል። በ25 ዲግሪ እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈለፈል የቀረው ሁሉ እዚያው ይታያል።

የተለቀሙትን ሽንት ቤት ወይም ቦይ ውስጥ መጣል አይገባም። ፊሴላ ከሰሜን አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ዓይነት መንገድ ጭምር ነው። በላስቲክ ታስሮ 24 ሰዓት ፍሪዘር፣ ፍሪዘር ከሌለ የፈላ ውሃ፤ ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ።