ብረት ሴራሚክን «አረጠበ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሲሚንቶ ወፍጮ ሮለር (እየተንከባለለ የሚፈጨው ክፍል) ቶሎ ተበልቶ እንዳያልቅ ፊቱ ላይ የሴራሚክ ጠጠር ይደረደርና የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። ችግሩ፣ ብረቱ አሉሚና የሚባለውን ሴራሚክ «አያረጥበውም»። ቃሉ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ እዚያ ውስጥ ጠብታ ውሃ እንኳ የለም።

በጎመን ዘር በታሰሰ ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ይድቦለቦላል እንጂ አይዘረጋም። የቀለጠ ብረትም አሉሚና ላይ እንደዚያው ነው። ጠብታው ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካነሰ «አረጠበ» ይባላል፤ ከበለጠ አላረጠበም። ካላረጠበ በጠጠሮቹ መሃል በራሱ ዘልቆ አይገባም። ክፍተት ይቀራል፣ ሥራ ላይ ጠጠሩ እየተነቀለ ይወድቃል።

አንዱ መላ ጠጠሩን አስቀድሞ ታይታኒየም በሚባል ብረታ ብረት መሸፈን ነው። ታይታኒየም አሉሚና ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አጥብቆ ይወዳል፤ ከሴራሚኩ ወለል ጋር ተጣምሮ ብረቱ የሚይዘው ስስ ንብርብር ይፈጥራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ንብርብሩ ሲወፍር ተሰባሪ ይሆናል። ቱንግስተን ካርባይድ የሚባለው ሌላ ጠንካራ ቁስ ግን ይሄ ያለመርጠብ ጣጣ የለበትም፣ ብረት በደንብ ያረጥበዋል።

ደግሞ ማርጠብ ብቻውን አይበቃም። ሲቀዘቅዝ ብረት ከአሉሚና የበለጠ ስለሚኮማተር ስንጥቅ ይመጣል። አሉሚናው ውስጥ ዚርኮኒያ የሚባል ሌላ ሴራሚክ የሚቀላቀለው አንድም ለዚህ ነው፤ የዚርኮኒያ መኮማተር ወደ ብረቱ ይቀርባል።