የእንግሊዝ የማግለያ ቀውስ (1679–1681) ምንድን ነው?

የማግለያ ቀውስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1679 እስከ 1681 የእንግሊዝ ፓርላማ የንጉሡን ወንድምና አልጋ ወራሽ፣ የዮርክ መስፍን ጄምስን፣ ካቶሊክ በመሆኑ ከዙፋን ወራሽነት በሕግ ለማስወጣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ያልተሳካለት የፖለቲካ ትግል ነው። የሃይማኖት ጠብ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ይሁንና ዘውዱ በ1660 የተመለሰበትን አኳኋን ሳያዩ ነገሩ ለምን ያን ያህል እንደከረረ መረዳት አይቻልም።

ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 በፓርላማው ወገኖች ተፈርዶበት አንገቱ ከተቀላ በኋላ አገሪቱ ለ11 ዓመታት ያለ ንጉሥ ቆየች። በስደት የኖረው ልጁ ዳግማዊ ቻርልስ 30ኛ ዓመት ልደቱ በዋለበት በሜይ 29 ቀን 1660 ለንደን ገባ። ፓርላማው የተቀበለው ግን አዲስ እንደሾመው ንጉሥ ሳይሆን አባቱ ከሞተበት ዕለት ጀምሮ ሲነግሥ እንደኖረ ሰው ነው፤ በዚያው ዓመት የወጡት ሕጎችም በነገሠ በ12ኛው ዓመት እንደወጡ ተደርገው ተመዘገቡ። ዘውድ በደም የሚወረስ እንጂ በምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥ አይደለም ማለት ነበር። ፓርላማው ከ19 ዓመት በኋላ ወራሹን ለመሻር ሲነሣ የተጋፈጠው ራሱ ያጸናውን ይህንኑ መርህ ነው።

ቻርልስ በ1662 ካገባት ከፖርቱጋሏ ልዕልት ካትሪን ልጅ አላገኘም። ከሌሎች ሴቶች የወለዳቸው ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱም ታላቁ የሞንመዝ መስፍን ፕሮቴስታንትና በሕዝብ ዘንድ የተወደደ ሲሆን፣ በሕግ ግን አልጋው የሚገባው ለንጉሡ ወንድም ለጄምስ ነበር። የጄምስ ካቶሊክነት ገሃድ የወጣው በ1673 ባለሥልጣናት ሁሉ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲቆርቡ ሲታዘዝ የባሕር ኃይል አዛዥነቱን በመልቀቁ ነው። በ1678 ደግሞ ታይተስ ኦትስ የተባለ ሰው ካቶሊኮች ንጉሡን ገድለው ወንድሙን ሊያነግሡ አሢረዋል የሚል ከራሱ የፈጠረው ክስ አሰማ። አገሩ በፍርሃት ተናጠ፤ በሐሰት ምስክርነትም ብዙ ንጹሐን በሞት ተቀጡ።

በሻፍትስበሪ ኧርል (ከመስፍን በታች ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) የሚመራው ወገን የማግለያውን ረቂቅ ሕግ በ1679 አቀረበ፤ ንጉሡም ፓርላማውን በተነ። ሁለተኛው ረቂቅ በኖቬምበር 1680 በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቢያልፍም በመኳንንቱ ምክር ቤት 63 ለ30 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ሦስተኛው በማርች 1681 ኦክስፎርድ ላይ ተነሣ፤ ጉባኤው ግን አንድ ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይዘልቅ ተበተነ። ቻርልስ ከፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በምስጢር የገንዘብ ተስፋ ስለተሰጠው ፓርላማው ግብር ባይፈቅድለትም አልተጨነቀም።

በሌላው ጉዳይ ሁሉ እንደ ነፋሱ ማዘንበል የሚያውቅ ንጉሥ በዚህ ነገር አለመነቃነቁ የሚያስገርም ነው። የካቶሊክ ንጉሥ ሥልጣን በሕግ እንዲገደብ እሺ ብሎ ነበር፤ የወራሽነቱን መብት ግን አላስነካም። የሞንመዝ እናት ለንጉሡ በድብቅ ተድራ ነበር የሚለውን ወሬም ከካትሪን በቀር ማንንም አላገባሁም ብሎ በይፋ አስተባበለ። የገዛ ልጁን ትቶ ወንድሙን መረጠ ማለት ነው። ዊግ (ማግለሉን የደገፉት) እና ቶሪ (የተቃወሙት) የተባሉት ተቀናቃኝ ወገኖች መልክ የያዙትም በዚህ ክርክር ነው።

ቻርልስ በፌብሩዋሪ 1685፣ በሞት አልጋው ላይ እርሱም ካቶሊክ ሆኖ፣ ሞተ፤ ጄምስም ያለ ችግር ነገሠ። ሞንመዝ በዚያው በጋ ዐምፆ ተሸነፈና ተገደለ። ሆኖም በ1688 ለጄምስ ወንድ ልጅ ሲወለድለት የካቶሊክ ነገሥታት ሐረግ ሊቀጥል ነው የሚለው ሥጋት በረታ፤ የጄምስ ልጅ የሜሪ ባል የሆነው የኦሬንጁ ዊልያም ጦሩን ይዞ ከሆላንድ ተሻገረ፤ ጄምስም ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። ፓርላማው በዚህ ጊዜም ንጉሥ ሻርሁ ማለትን አልደፈረም፤ ጄምስ መንግሥቱን በፈቃዱ እንደተወ ቆጥሮ ዙፋኑ ባዶ ነው አለ። በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ካቶሊክም ሆነ ካቶሊክ ያገባ ሰው እንዳይነግሥ ከለከለ። የጋብቻው ክልከላ የተነሣው በ2015 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ሲሆን፣ ካቶሊክ የሆነ ሰው ግን ዛሬም በዚያ ዙፋን መቀመጥ አይችልም።